አራት የወይን ግንድ በእኩል

በኮልፌ ቀራንዮ ከእኔ የበለጠ ወይን የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። ቤቴ አይጠፋም። ከአየር ጤና ወደ ውስጥ በሚያስገባው ኮብልስቶን ታጥፎ የወይን ቅጠል በአጥሩ ላይ የተንጠለጠለበትን ግቢ መጠየቅ ነው። አንዳንዱ "የቧንቧ ሠራተኛው ቤት" ይለዋል፤ አንዳንዱ "የዚያ ግትር ሽማግሌ ቤት" ይለዋል። በሁለቱም ስም ይደረሳል።

ግቢው ውስጥ አራት የወይን ግንዶች አሉ። አራቱም ከልጄ ይበልጣሉ፤ ልጄ ደግሞ ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ናት። ሦስቱ በአጥሩ በኩል ተሰልፈው ቆመዋል። አራተኛው፣ እኔ አዛውንቱ የምለው፣ ከማድ ቤቱ ጥግ ነው። ውፍረቱ የሰው ጭን ያህላል፣ ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ገመድ ተተርትሯል። እነዚህ ግንዶች ከመጥረቢያ እንዴት እንደተረፉ ሰፈሩ ሁሉ በየራሱ መንገድ ያወራል። ትክክለኛውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያዳንኳቸው እኔ ነኛ።

ወይን ማንም አላስተማረኝም። ቧንቧም ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ ጣሊያን የገጠመውን ባኞ ፈትቼ መልሼ ስገጥመው ገባኝ። ማንበብም እንደዚያው ነው። ያኔ የሠራተኛ ክፍል ግድግዳ በጋዜጣ ይለጠፍ ነበር። ቱቦ ሥር ተጋድሜ ቁልፍ እያዞርኩ ፊት ለፊቴ ያለውን አነባለሁ። የማውቀውን ግማሹን ያወቅሁት በጀርባዬ ተኝቼ ነው፤ ሌላው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦም ይህን ያህል አላወቀም።

በጎልማሳነቴ አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ቤት ለቧንቧ ተጠራሁ። ሰውየው አገሩ ሊገባ ቤቱን ሸጧል። ገዢው ግቢውን ሲሚንቶ ሊያለብሰው ነው፤ ከቤቱ ጀርባ የነበረውን የወይን ተክል ሠራተኞች በመጥረቢያ ይጥሉታል። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ሥራዬን ስጨርስ ምን ልክፈልህ አለኝ።

"ያን የመጨረሻውን ግንድ ከነሥሩ ልንቀለው" አልኩት።

"አይጸድቅም። አርጅቷል" አለኝ በተሰባበረ አማርኛ።

"እኔ ከነቀልኩት ይጸድቃል።"

ቀና ብሎ አየኝና በእጁ ሂድ ውሰድ አለኝ። ግንዱን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኩት፤ መሬት ላይ ከወደቁት ደግሞ ሦስት ደህና ቅርንጫፍ መረጥኩ። በከተማ አውቶቡስ እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ ወዲህ በትከሻዬ። ትኬት ቆራጩ "ይሄ እንጨት ወንበር ይዟል፣ ይከፈልበታል" ቢለኝ "ሲያፈራ ና ብላ" አልኩት። አራቱም ጸደቁ። ያ ፈረንጅ ቆይቶ ቢያየው ኖሮ ምን ይል እንደነበር ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

አሁን ወደ ኢኮኖሚው ልግባ፤ ጭቅጭቁ የመጣው ከዚያ ነውና።

ወይን ሲያረጅ ፍሬው ይቀንሳል። ይህን አልደብቅም። አዛውንቱ በጉልምስናው ቅርጫት ሞልቶ ያስተርፍ ነበር፤ ዛሬ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ከሰጠኝ ተመስገን ነው። ይህን ያየ ሁሉ "ንቀለውና አዲስ ትከል" ይለኛል። አዲስ ተክል ግን ዕዳ ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ችግኝ ደግሞ ፈረቃ አያውቅም፣ በየቀኑ አጠጡኝ ይላል። ሦስት አራት ዓመት ሲቀለብ ይኖርና የመጀመሪያው ፍሬው ውሃ ውሃ ይላል። ያረጀው ወይን ሥሩ የት እንደደረሰ ማንም አያውቅም። ጎረቤት በርሜል ይዞ ሲሯሯጥ እሱ ከታች የሚፈልገውን ጎትቶ ይጠጣል። ፍሬው ትንሽ ነው፣ ቆዳው ወፍራም ነው፣ ጭማቂው ግን ምላስ ላይ ይቀራል። ከእሱ የተጠመቀ ወይን በቆየ ቁጥር ይሻላል።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ ኪራይ ትለኛለች።

እናቷ ካረፈች በኋላ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ሆና አብራኝ ነው የምትኖረው። ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። የደም ግፊት መድኃኒቴን የምትገዛውም እሷ ናት፤ ይህንንም አልክድም። ወይኖቹ የቆሙበት ቦታ ላይ አራት ሰርቪስ ክፍሎች ይወጣሉ ትላለች።

"አባዬ፣ በዚህ ሰፈር ኪራይ የት እንደደረሰ ታውቃለህ? ሰው ለአንዲት ክፍል ደላላ በር ላይ ያድራል። እኛ ለእንጨት ቦታ ሰጥተን ቁጭ ብለናል።"

"እንጨት አይደለም።"

"እሺ፣ ምንድን ነው?"

"ሀብት ነው።"

"ሀብት ከሆነ የልጆቹን ትምህርት ቤት ይክፈላ!"

እኔም መልስ አላጣሁም። የኪራይ ቤት ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ያረጃል አልኳት። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ ይደፈናል፣ ያንን ደግሞ የምጠግነው እኔ ነኝ። ወይን ከተጠመቀበት ቀን ጀምሮ ያድጋል። "የሚያድገውን ነቅለሽ የሚያረጀውን ልትተክዪ ነው?" ስላት "የሚያድገውን ማን ገዛህ?" አለችኝ።

ነገሩ የተቆረጠው የዛሬ ሁለት ዓመት በፋሲካ ምሳ ላይ ነው። ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ወሬውን አነሳችው። ወይኑ ራሱን አይችልም፣ ሐረጉ ለሚወጣበት ዳስ እንጨት፣ ለጠርሙሱ፣ ለቡሹ፣ ለፍጉ፣ ሁሉም ከቤት ነው የሚወጣው አለች። አማቼ ሣቀ። እኔ ደግሞ ሰው ሲስቅብኝ አልወድም። ተነሥቼ ቆምኩ።

"ስሙኝ! እስከሚመጣው ፋሲካ ለእነዚህ ወይኖች ከዚህ ቤት አንዲት ሳንቲም ከወጣች በገዛ እጄ እቆርጣቸዋለሁ።"

ልጄ መዳፏን ዘረጋችልኝ። "ምታ" አለችኝ። መታሁ።

አፉ ቀደመው ያሉ አሉ። አፌ መቼም አይቀድመኝም፤ ሁለታችን አብረን ነው የምንደርሰው። ግን ያን ቀን ማታ ወደ ዳሱ ወጥቼ ስነካው እንጨቱን ምስጥ ጨርሶታል፤ በእጄ ላይ ዱቄት ሆነ። ያለ ወጪ ዓመቱን እንደማይሻገር ያኔ ገባኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት መሸጥ ነበር። ከተኛው ወይን ሁለት ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልዬ ጦር ኃይሎች አንድ ግሮሰሪ ሄድኩ። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው፤ ብርጭቆ አስመጥቶ ቀመሰ።

"ጋሼ፣ ጥሩ ነው። ትንሽ ግን ይመራል።"

"አይመርም። ምላስ ይይዛል።"

"ደንበኛዬ መያዝ አይፈልግም፣ ጣፋጭ ነው የሚፈልገው። ስኳር ጣል ያድርጉበትና የቻሉትን ያህል ያምጡ፤ ሁሉንም እወስድልዎታለሁ።"

"ስኳር ከፈለጉ ሻይ አፍላላቸው!"

ይህን ስንባባል አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ጠጪ ከጠርሙሴ ለራሱ ቀዳና ከፊቱ ከነበረው የብርቱካን ለስላሳ ቀላቀለበት። ሦስት ዓመት ሙሉ ጨለማ ውስጥ አስተኝቼ የጠበቅሁት ወይን ላይ የብርቱካን ለስላሳ!

"አንተ! ምን እያደረግህ ነው?"

"እንዲወርድ ነዋ፣ ፋዘር!"

ጠርሙሶቼን ሰብስቤ ወጣሁ። ባለ ግሮሰሪው እስከ በር ተከትሎ ሲለምነኝ ዞሬ አላየሁም። ስኳር ብጨምርበት ኖሮ ጉዳዩ ያን ዕለት ያልቅ ነበር፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ስኳር የሚጨመርበት ከሆነ አሮጌ ግንድ ለምን ያስፈልጋል? ማንኛውም ችግኝ ይበቃዋል። እኔ የማድነው ጣዕሙን ነው። ጣዕሙን አበላሽቼ ግንዱን ባቆም ያዳንኩት እውነትም እንጨት ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲው ጭንቅንቅ ያለ ነበር፤ ጠርሙሶቹን እንደ ሕፃን አቅፌ ጥግ ተጣብቄያለሁ። እዚያ ነው የአባቴ ላም ትዝ ያለችኝ። አባቴ ጎጃም ሳለ የሌላ ሰው ላም በእኩል ያረባ ነበር። ላሟ የአንዱ ናት፣ ድካሙና ቀለቡ የሌላው ነው፣ የምትወልደው ለሁለቱም እኩል ይካፈላል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ አንዱ ሳይፈቅድ ሌላው አያርዳትም፣ አይሸጣትም። በዚህ ላይ ሰው ተጣልቶ ያውቃል፤ ሕጉን የጣሰ ግን አላየሁም።

ትንሽ ነገር ያለው ሰው ገበያ መውጣት የለበትም። ገበያ የብዙ ነው። ትንሽ ነገር ያለው ሰው የሚፈልገው ገዢ ሳይሆን ባልንጀራ ነው። ይህን ከየትም አላነበብኩትም፤ ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ያገኘሁት የራሴ ነው።

በማግስቱ በመጀመሪያ የሄድኩት ከአጥሩ ማዶ ወዳለችው ጎረቤቴ ነው። ሁለት የወተት ላሞች አሏት። ከጉራጌ አገር ገና በልጅነቷ መጥታ እዚሁ ሰፈር ወልዳ ከብዳለች። እበቷን መጣያ አጥታ ከሰፈሩ ጋር ስትጨቃጨቅ ነው የምትውለው። አንዱን ግንድ በእኩል ልስጥሽ፣ ፍጉን አንቺ ትችያለሽ አልኳት።

"ጋሼ፣ እኔ ወይን አልጠጣ። ምን ሊያደርግልኝ?"

"ለቤተ ክርስቲያን ዘቢብ ትወስጂ የለም?"

"በየዓመቱ ነዋ። ስለት አለብኝ።"

"ከሱቅ ነው የምትገዢው። ከየት አገር እንደመጣ የማታውቂውን። ግማሽ ፍሬሽን ፀሐይ ላይ አድርቄ ልስጥሽ። ከራስሽ ግንድ የተለቀመ ዘቢብ ይዘሽ ትገቢያለሽ።"

እጇ ላይ ያለውን ወተት በነጠላዋ ጠረገች። "ለቁርባን የሚሆን?" አለችኝ።

"ለቁርባን የሚሆን።"

"እበቱን ዛሬ ላስመጣ?"

ሁለተኛው አየር ጤና ጋራዥ ያለው ሰው ነው። መኪና ሥር ተጋድሞ አገኘሁት፤ እንደ እኔ በጀርባው የሚያስብ ሰው ነው። ግንድ በእኩል ልስጥህ፣ አንተ ደግሞ ለዳሱ የተጣለ ብረትህን ስጠኝ አልኩት። ከመኪናው ሥር ሳይወጣ፣

"ፋዘር፣ ያ ወይንህ ሰው ይገድላል እንዴ?" አለኝ።

"አንተን ከገደለ መኪኖቹ ይተርፋሉ።"

ሣቀና ተንሸራቶ ወጣ። ከጋራዡ ጀርባ የተቆለለ አሮጌ ቱቦ አሳየኝ። ብረቱን መጥቶ ራሱ በየደው፤ ዳሱ ዛሬ ዝሆን ቢጋለብበት አይነቃነቅም። ከዚያም አልፎ አንድ አሮጌ ክሪክ ሰጠኝ። ጭነት መኪና የሚያነሣ ክሪክ የወይን ፍሬ እንደሚጨምቅ በዚህ ከተማ ከእኔ በፊት ማን አሰበ? በሁለት ጣውላ መሀል ጨርቅ የተጠቀለለ ፍሬ፣ ከላይ ክሪኩ። ጠብታ አያስቀርም።

ሦስተኛው "ቆራሌው!" እያለ ጆንያ ተሸክሞ የሚዞረው ሰው ነው። ከሠርግ አዳራሽ ጓሮና ከቆሼ ሰዎች የወይን ጠርሙስ ይሰበስባል። እሱን ማሳመን ከሁሉም ከበደኝ፤ ነገሩ በዛበት።

"አባባ፣ እኔ ባዶ ጠርሙስ ልሰጥዎ፣ እርስዎ ሞልተው ግማሹን ሊሰጡኝ?"

"አዎ።"

"ሙሉውን?"

"ከነቡሹ።"

ግራና ቀኝ አየ። "ይሄ ነገር ሕጋዊ ነው?" አለኝ ድምፁን ቀንሶ።

ሦስቱንም አንድ እሑድ ግቢዬ ሰብስቤ ግንዶቻቸውን አሳየኋቸው። የአባቴን ላም ሕግ ነገርኳቸው፦ ድካሙ የእኔ፣ የሚያስፈልገው የእናንተ፣ ፍሬው እኩል፣ ያለ ሁለታችን ፈቃድ አይቆረጥም። አንድም ነገር አልተጻፈም። እጅ ተመታታን፣ አለቀ። አዛውንቱን የወሰደው ሰው የለም። አንድ ሳህን ፍሬ ለሁለት ተካፍሎ ማን ይፈልገዋል? እኔም አላቀረብኩትም። ከአራቱ ለራሴ ብቻ አንድ እንኳ ይቅርልኝ ብዬ ነው።

የዚያን ዓመት ሥራ ብተርክ አያልቅም። ወይን መቼ እንደሚገረዝ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ እኔ የደረስኩበት ግንዶቹን ራሳቸውን እያየሁ ነው። ከመስቀል በፊት ከገረዙት ቀንበጡ ቶሎ ይወጣና የኅዳር ውርጭ ያቃጥለዋል። በጣም ካዘገዩት ፍሬው ሳይበስል ክረምት ይደርስበትና ይበሰብሳል። እኔ የምገርዝበትን ቀን እኔ ነኝ የማውቀው። ፍሬው ዐቢይ ጾም ላይ ይደርሳል፤ ሰው ሁሉ ሽሮ ሲበላ እኔ ወይን እለቅማለሁ።

አንድ ቀን ግን ከውጭ ስመለስ የጎረቤቴ ግንድ በአንድ ወገን ራቁቱን ቆሟል። ከጉልበት እስከ ራስ ድረስ ቅጠሉ ተለቅሞ ዘለላዎቹ ብቻ ተንጠልጥለዋል። በአጥሩ ላይ ተንጠራርቼ ሳይ ላሟ የወይን ቅጠል እያመነዠከች ነው።

"ምነው! ምነው እንዲህ ታደርጊያለሽ?"

"ምን አደረግሁ፣ ጋሼ? ፍሬው እኩል ከሆነ ቅጠሉም እኩል ነው ብዬ ነዋ። ያንተን ግማሽ አልነካሁም፤ እየው፣ በዚያ በኩል ያለው ያንተ ነው።"

ከዚያ ቀደም አንተ ብላኝ አታውቅም፤ ሽርክና የሰጣት መብት መሰለኝ። ጮኽኩ፣ ተቆጣሁ፣ ውሉን ላፍርስ ብዬም ዛትኩ። እሷ ግን "ያለ እኔ ፈቃድ አይፈርስም ያልከው አንተ ነህ" ብላ ላሟን ማለብ ቀጠለች። ሆኖም ፍሬው ሲደርስ የተራቆተው ወገን ቀድሞ በሰለ፤ ቀምሼ አነጻጸርኩት፣ ከሌላው ይበልጥ ጣፋጭና ደማቅ ነበር። ፀሐይ ዘለላው ላይ ስላረፈ ነው። ዛሬ የሁሉንም ቅጠል በዘለላው ዙሪያ አሳሳለሁ። እሷ "ያስተማርኩት እኔ ነኝ" ትላለች። እሷ ላም ነው ያበላችው፤ ያስተዋልኩት እኔ ነኝ። ግኝት ያስተዋለው ሰው ንብረት ነው።

ፍሬውን ለቀምን። በክሪኩ ጨመቅን። በፕላስቲክ በርሜል አፍልቼ፣ አየሩ ወጥቶ እንዳይመለስ በግሉኮስ ቱቦ ወደ ውሃ አስተነፈስኩት። የጎረቤቴ ድርሻ በአጎበር ተሸፍኖ ቆርቆሮው ላይ ደረቀ። ቆራሌው ጠርሙሱን አምጥቶ ከጎኑ ቆሞ እየቆጠረ ሲያስሞላ ዋለ። ፋሲካ ደረሰ፤ ከቤታችን አንዲት ሳንቲም አልወጣም።

በምሳው ላይ ዘመድ ፊት ቆሜ ይህን አወጅኩ። አማቼ አጨበጨበ። ልጄ አላጨበጨበችም።

"ልክ ነህ፣ አባዬ። ሳንቲም አላወጣንም። መሬቱስ?"

"መሬቱ ምን ሆነ?"

"አራት ክፍል ቢኖርበት በየወሩ ኪራይ ይገባ ነበር። አልገባም። ሊገባ ሲችል ያልገባ ገንዘብና ከኪስ የወጣ ገንዘብ ልዩነታቸው ምንድን ነው?"

መልስ ያጣሁበትን ቀን መቁጠር ይቻላል፤ ያ አንዱ ነው። ውስጤ ግን ኮራ፤ ያ ጭንቅላት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እሷም ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰደችው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሰው ይመጣል፣ ክረምት ሳይገባ ግድግዳው መቆም አለበት አለችኝ። ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ በእሷ ስሌት ተሸንፌያለሁ። ያን ሳምንት ከቤት ብዙ አልወጣሁም።

ሥራ ተቋራጩ በጠዋት መጣ። ሜትር ይዟል፣ ዶማና መጥረቢያ የያዙ ሁለት የቀን ሠራተኞች አስከትሏል። ቁርጥ ያለ ሰው ነው።

"አባባ፣ ከየትኛው እንጀምር?"

መልስ ሳልሰጠው ከአጥሩ በላይ የጎረቤቴ ራስ ብቅ አለ። ሠራተኞቹን አየች፣ መጥረቢያውን አየች፣ ጠፋች። ወዲያው በሩን በርግዳ ገባች። የወተት ባልዲዋን እንኳ አላስቀመጠችም። ቀጥታ ሄዳ ከግንዷ ፊት ቆመች።

"ይቺ የኔ ናት።"

"እትዬ፣ ግቢው የማን ነው?" አለ ተቋራጩ።

"ግቢው የሳቸው ነው። የግንዱ ግማሽ የኔ ነው። ግማሹን ቆርጠህ ግማሹን ማቆም ትችላለህ? ከቻልክ ጀምር!"

"ኧረ እትዬ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው..."

"ለቁርባን የተሳልኩት ዘቢብ ነው! መጥረቢያህን አንሣ እስቲ፣ እስቲ አንሣና ልይህ!"

መጥረቢያ የያዘው ሠራተኛ መጥረቢያውን ቀስ ብሎ ከኋላው ሸሸገ። እሷ ሳትደውልለት አልቀረችም፣ ብዙም ሳይቆይ የጋራዡ ሰው በግሪስ እጁ ደረሰ። "የሁለተኛው ግንድ ባለድርሻ ነኝ፤ ዳሱም የተበየደው በኔ ብረት ነው። ብረቴን ለማንሣት ማን ፈቀደ?" አለ። ቆራሌውም ከውጭ ሁካታውን ሰምቶ ከነጆንያው ገባ። ምን እንደተፈጠረ ሳይጠይቅ ሦስተኛው ግንድ ሥር ጆንያውን ዘርግቶ ተቀመጠበት።

"አንተስ ምንድን ነህ?" አለው ተቋራጩ።

"ባለሀብት" አለው ቆራሌው።

መናገር አላስፈለገኝም። ውሉን የሠራሁት ለፍግና ለጠርሙስ ብዬ ነበር፤ የአባቴ ሕግ ግን እኔንም ጨምሮ ነው የሚያስረው። ብፈልግም መቁረጥ አልችልም። ለልጄ የሰጠሁት ቃል አለ፣ ለእነዚህ የሰጠሁት ቃል አለ፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ሲተያዩ እኔ ዳር ቆሜ አየሁ።

ልጄ በረንዳው ላይ ነበረች። "አባዬ፣ ግቢያችንን ለሰፈር ሰጠኸው?" አለችኝ።

"ግማሹን።"

ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁም። ከደረጃው ወርዳ ወደ ማድ ቤቱ ጥግ ሄደች። አዛውንቱን በጣቷ አሳየች። "ይሄኛውስ? ይሄ የማን ነው? እዚህም አንድ ክፍል ይወጣል።"

ተቋራጩ ሜትሩን ዘረጋ። ሁሉም እኔን አዩ። አዛውንቱን ለማንም አልሰጠሁትም፤ የእኔ ብቻ የሆነው እሱ ነው፣ ስለዚህም ጠባቂ የሌለው እሱ ነው። የእኔ ነው ብል ቃሌ ይቆርጠዋል።

"ያንቺ ነው" አልኳት። "በእኩል።"

"እኔ ምን አዋጥቼ? እበት የለኝ፣ ብረት የለኝ።"

"መሬቱን። ራስሽ ነግረሽኛል። በየወሩ የማይገባውን ኪራይ የምታጪው አንቺ ነሽ። ከሁሉም የበለጠ ያዋጣሽው አንቺ ነሽ።"

ከዚያ ያ ጭንቅላቷ መሥራት ጀመረ፤ ፊቷ ላይ ሲዞር ይታየኛል።

"እንግዲያውስ" አለች፣ "መሬቱ በአራቱም ሥር ነው።"

የጋራዡ ሰው "አቤት፣ ፋዘር፣ ተበላህ!" ብሎ ሣቀ። እውነቷን ነው። እነዚያ ሦስቱ ግማሻቸውን ይወስዳሉ፤ ከሦስቱ የእኔ ድርሻ ግማሹ፣ ከአዛውንቱም ግማሹ የእሷ ሆነ። ተቋራጩ ሜትሩን ጠቀለለና "እኔ ግድግዳ ነው የምሠራው፣ ችሎት አይደለም" ብሎ ወጣ።

የልጆቹ ትምህርት ቤት ግን በዘቢብ አይከፈልም። ስለዚህ በዚያው ሳምንት የቧንቧ ዕቃዬ የተቆለለበትን ክፍል አጽድቼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ መብራትና ውሃ በራሴ እጅ አስገብቼ ሰጠኋት። ዛሬ ተከራይ አለበት። ቁልፎቼና ቱቦዎቼ አልጋዬ ሥር ናቸው፤ ስተኛ ይጎረብጡኛል። ይጎርብጡኝ። በዚህ ሰፈር ግድግዳ ሳይቆም ኪራይ ያስገባ፣ ግንድ ሳይቆረጥ ቃሉን የጠበቀ ሌላ ሽማግሌ ካለ ስሙን ንገሩኝ።

ዘንድሮ አዛውንቱ ከሰጠን ፍሬ የወጣው ወይን ጥቂት ነው። አንዱን ጠርሙስ ባለፈው እሑድ በረንዳው ላይ ከፈትኩት። ገና ነው፣ ሌላ ሦስት ዓመት መተኛት ነበረበት፤ ልጄ ግን ድርሻዬን ዛሬ አለች። ቀዳሁላት። ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባችና ማቀዝቀዣውን ከፈተች፤ የብርቱካን ለስላሳ ይዛ መጣች።

"ልጄ!" አልኳት።

"ግማሹ የኔ ነው፣ አባዬ።"

ቀላቀለችው። ጠጣችው። ጥሩ ነው አለች፣ በእርግጥም ጥሩ ነው፣ እስቲ ቅመሰው ብላ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋችው። መብቷ ነው፤ ውሉን የሠራሁት እኔው ነኝ። ወንበሬን አዙሬ ፊቴን ወደ አዛውንቱ ግንድ አደረግሁ፤ ቅርፊቱ ላይ አዲስ ቀንበጥ ወጥቷል። ብርጭቆው እስኪሞቅ ጠረጴዛው ላይ ቆየ።

አልቀመስኩም። ወደፊትም አልቀምስም።